የስድስት ዓመት ተኩል ጥበቃ፣ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ

እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 4 ቀን 2025 የዓለማችን ታላላቅ የቪዲዮ ጌም መሸጫ ገጾች በገዢ ብዛት ተጨናንቀው ነበር። ስቲም የተባለው የኮምፒውተር ጌሞች መደብርም ሆነ የኒንቴንዶ፣ የፕሌይስቴሽንና የኤክስቦክስ መደብሮች ደንበኞቻቸውን ማስተናገድ ተሳናቸው። ገንዘቡን አዘጋጅቶ የተሰለፈው ሰው ገጹ ሲዘጋበት መልሶ ይከፍታል፤ ሲከፈትለት ደግሞ ክፍያው አልሄድ ይለዋል። ይህን ሁሉ ግርግር ያስነሳው በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ያሉት ግዙፍ ኩባንያ አልነበረም። መነሻው በደቡብ አውስትራሊያ በአደሌድ ከተማ የሚገኝ፣ ዋነኛ ሠሪዎቹ በአንድ እጅ ጣቶች የሚቆጠሩ፣ ቲም ቼሪ የተባለ ትንሽ ቡድን ነው።

ሥራው «ሆሎው ናይት፡ ሲልክሶንግ» ይባላል። በ2017 ለገበያ የቀረበው «ሆሎው ናይት» ተከታይ ክፍል ነው። ይሠራል የተባለው በፌብሩዋሪ 2019 ነበር። ከዚያ ቀን አንስቶ እጅ እስኪገባ ድረስ ስድስት ዓመት ተኩል አለፈ። ያኔ ዘጠነኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ በመካከሉ ዓለም ወረርሽኝ አሳልፋለች፤ የመጫወቻ መሣሪያዎቹም በአዲስ ትውልድ ተተክተዋል። የመውጫው ቀን ቁርጡ የተነገረው ግን ሁለት ሳምንት ብቻ ሲቀረው፣ ኦገስት 21 ቀን 2025 ነው።

የእነዚህ ሁለት ቁጥሮች አለመመጣጠን ብዙዎችን አስቋል፤ ጥቂቶችንም አስቆጥቷል። ነገር ግን ከሳቁና ከቁጣው ባሻገር ከአንድ ጌም የሚሰፋ ጥያቄ ያነሳል። የዘገየ ሥራ በምን ይመዘናል? በቆየበት ዘመን ርዝመት ነው፣ ወይስ በተሰጠው ቃልና ከሰው ኪስ በወጣው ገንዘብ? የሲልክሶንግ ታሪክ በጥሞና ሲታይ ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ያጋድላል። መዘግየት በራሱ በደል አይደለም። በደሉ የማይጠበቅ ቀጠሮ መስጠትና ያልተሠራን ነገር እንደተሠራ አድርጎ መሸጥ ነው።

የነገሩ መነሻ በ2014 መጨረሻ ላይ ይገኛል። ቲም ቼሪ ገና ስም ያልነበረው ቡድን ሳለ፣ ኪክስታርተር በተባለውና ሕዝብ ለአዲስ ሥራ ገንዘብ በሚያዋጣበት መድረክ ላይ ቀርቦ 35,000 የአውስትራሊያ ዶላር ጠየቀ። 2,158 ሰዎች ከ57,000 ዶላር በላይ አዋጡለት። እንዲህ ባለው መዋጮ እንደተለመደው ገንዘቡ ከታሰበው በላይ ሲሆን ተጨማሪ ነገር እንደሚሠራ ቃል ተገብቶ ነበር። ከቃሎቹ አንዱ ሆርኔት የተባለችውን ባለመርፌ ተዋጊ ገጸ ባሕርይ ተጫዋቹ ራሱ እንዲመራት የሚያስችል ክፍል ነው። ሲልክሶንግ ከዚያች ቃል የበቀለ ዛፍ ነው።

«ሆሎው ናይት» በፌብሩዋሪ 2017 ወጣ። በእጅ በተሣሉ ምስሎች የተሠራ፣ ሃሎውኔስት በተባለ የፈረሰ የነፍሳት መንግሥት ውስጥ ወደ ታች እየወረዱ የሚያስሱት፣ አስቸጋሪም ውብም ጌም ነው። ሠሪዎቹ ከሽያጩ በኋላ አራት ተጨማሪ ክፍሎችን ያለ ክፍያ ጨመሩለት። ስሙ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ እስከ 2025 ድረስ 15 ሚሊዮን ያህል ቅጂ ተሸጠ። የሆርኔት ክፍል ግን እየሰፋ፣ እየጠለቀ ሄዶ በተጨማሪነት የማይገታ ሆነ። ስለዚህም ራሱን የቻለ ጌም እንደሚሆን በ2019 ይፋ ተደረገ። በ2014 ገንዘብ ያዋጡት ሰዎችም አዲሱን ሥራ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚያገኙት ተነገራቸው።

ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ በቀላሉ መታለፍ የለባትም። አበው «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» ይላሉ። ቲም ቼሪ የተበደረውን ትንሽ ክፍል ሙሉ ጌም አድርጎ መለሰ፤ ያበደረውንም ሰው ሁለተኛ ሒሳብ አልጠየቀውም። ስለዚህ ከመነሻው የገንዘብ መብት የነበራቸው ሰዎች ዘገየባቸው እንጂ አልተቀነሰባቸውም። የቀረው ጠባቂ ደግሞ ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ሳንቲም አልከፈለም፤ የከፈለው በጉጉት ብቻ ነው።

ጉጉት ግን ዋጋ የሌለው ነገር አይደለም። በእነዚያ ዓመታት የተሠራው ማኅበራዊ ልማድ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ታላላቅ ኩባንያዎች አዳዲስ ጌሞችን በሚያስተዋውቁበት መድረክ ሁሉ ደጋፊዎች «ዛሬ ይወጣል» ብለው ይሰበሰባሉ፤ ዝግጅቱ ሲያበቃም በራሳቸው ላይ እየቀለዱ ይበተናሉ። ስለ ሲልክሶንግ አዲስ ነገር አለመኖሩን በየቀኑ የሚያበስር የዩቲዩብ ቻናል እስከ መከፈት ተደርሷል። ዜና አለመኖሩ ዜና የሆነበት ዘመን ነበር። ከቀልዱ በስተጀርባ ግን ከሠሪዎቹ አንዲት ቃል የሚሻ ብዙ ሕዝብ ነበር።

በዚህ ረጅም ጥበቃ ውስጥ ሰውን ይበልጥ ያቆሰለው የትኛው ቀን እንደነበር መመርመር ይገባል። በጁን 2022 በኤክስቦክስ የትዕይንት መድረክ ላይ ሲልክሶንግ ከሌሎች ጌሞች ጋር ታየ። በመድረኩ የቀረቡት ሥራዎች በ12 ወራት ውስጥ ለጨዋታ እንደሚበቁም ተነገረ። ደጋፊዎች ወራቱን ቆጠሩ። የቀጠሮው ጊዜ ሊሞላ ሲቃረብ፣ በሜይ 2023፣ የቡድኑ ቃል አቀባይ ማቲው ግሪፊን ጌሙ እየገዘፈ በመሄዱ በዓመቱ መጀመሪያ አጋማሽ እንደማይደርስና ተጨማሪ ጊዜ እንደሚያስፈልገው አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ዝምታው እንደገና ሰፈነ።

ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። ከስድስት ዓመት ተኩሉ ውስጥ ቅሬታው ከፍ ብሎ የተሰማው ቀጠሮ ባልነበረበት ጊዜ ሳይሆን የተሰጠው ቀጠሮ በፈረሰ ጊዜ ነው። ቀን ያልተቆረጠለት ጠባቂ ተስፋውን በራሱ ልክ ይሰፋል፤ ቀን የተቆረጠለት ግን ከሰው በተቀበለው ልክ ይሰፋል። የኋለኛው ሲቀደድ የሚታየው የቀጣሪው እጅ ነው።

ሁለቱ ዋነኛ ሠሪዎች አሪ ጊብሰንና ዊልያም ፔለን በኦገስት 2025 ከብሉምበርግ ጋር ባደረጉት ቆይታ የመዘግየቱን ምክንያት አስረድተዋል። እንደ እነርሱ አገላለጽ የተሰበረ ነገር አልነበረም፤ ሥራውም ቆሞ አያውቅም። በሥራው ይደሰቱ ነበር፤ ሐሳብ ሐሳብን እየወለደ ጌሙ ሰፋ፤ የቸኮሉበትም ምክንያት አልነበረም። ዝምታውንም ሲያስረዱ በየጊዜው «ገና እየሠራን ነው» ከማለት በቀር የሚጨምሩት ስላልነበረ፣ ሰውን ማሰልቸትና የጌሙን ምስጢር ማባከን አልፈለጉም።

ማብራሪያው ቅን ነው፤ ሆኖም ሙሉ ይቅርታ የሚያሰጥ አይደለም። ምስጢር መጠበቅና ሰውን ማረጋጋት የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። በዓመት አንድ ጊዜ «በጤና አለን፣ ሥራው ቀጥሏል፣ ቀን ግን አልቆረጥንም» የምትል ሦስት መስመር የጌሙን አንዲት ምስጢር አታወጣም። በአገራችን ልማድ እንግዳ የጠራ ሰው ወጡ ባይደርስ እንኳ ብቅ ብሎ «ተጫወቱ፣ ደረሰ» ይላል። ከጓዳ የማይወጣ ባለቤት የቱንም ያህል ጥሩ ድግስ ቢያቀርብ እንግዳው ያ ረጅም ዝምታ ትዝ ይለዋል። ቲም ቼሪ በዚህ ረገድ ሊወቀስ ይገባዋል፤ ወቀሳው ግን የቸልተኝነት እንጂ የክህደት አይደለም።

ክህደት ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ፖላንድ መዲና ወደ ዋርሶ መሄድ ይበቃል። ሲዲ ፕሮጄክት የተባለው ኩባንያ «ሳይበርፐንክ 2077»ን ካስተዋወቀበት ከ2012 ጀምሮ ዓለም በጉጉት ጠብቆታል። በመጀመሪያ ለኤፕሪል 2020 ቀን ተቆረጠለት፤ ከዚያ ወደ ሴፕቴምበር፣ ቀጥሎ ወደ ኖቬምበር፣ በመጨረሻም ወደ ዲሴምበር 10 ተገፋ። በመካከሉ ኩባንያው ሠራተኞቹን በሳምንት ስድስት ቀን እንዲሠሩ አዘዘ። ሦስት ጊዜ የተራዘመው ጌም ሲወጣ በተለይ በአሮጌዎቹ የፕሌይስቴሽንና የኤክስቦክስ መሣሪያዎች ላይ በብልሽት የተሞላ ነበር። ኩባንያው እንዳስታወቀው ግን ከመውጣቱ አስቀድሞ ስምንት ሚሊዮን ያህል ሰው ከፍሎበታል። ሶኒ ከሳምንት በኋላ ጌሙን ከመደብሩ አነሳው፤ ለጠየቁ ገዢዎችም ገንዘባቸውን እንደሚመልስ አስታወቀ። ወደ መደብሩ የተመለሰው በጁን 2021 ነው።

እዚህ ላይ ሳይበርፐንክ በኋለኞቹ ዓመታት ተጠግኖ መልካም ስም ማትረፉን መናገር ተገቢ ነው። ጥገናው ግን የመጀመሪያውን ቀን ገዢ አይክሰውም። ያ ሰው የገዛው በ2020 ነው፤ ያገኘው ሌላ ነገር ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ብሂል በትክክል ይገልጸዋል፤ ልዩነቱ በዚህ ታሪክ የፈሰሰው የሌላ ሰው እህል መሆኑ ነው።

ይሁንና ረጅም ጊዜ መውሰድ በራሱ ዋስትና ነው ማለትም ስሕተት ነው። «ዱክ ኑከም ፎርኤቨር» በ1997 ተነግሮለት በ2011 ወጣ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሠሪዎቹ የሌሎችን አዲስ ነገር ባዩ ቁጥር የራሳቸውን እያፈረሱ ሠሩ፤ በመጨረሻም ሌላ ኩባንያ ተረክቦ ጨረሰው። ሲደርስ ዘመኑ ያለፈበት ሥራ ሆኖ ተገኘ፤ ተቺዎችም አላዘኑለትም። ስለዚህ ጊዜ የሚጠቅመው በውስጡ ሥራ ሲኖር ነው። አረብኛው «ኢትቃን» የሚለው፣ ሥራን አጥርቶና አሳምሮ የመጨረስ ልማድ፣ የሚለካው በዓመታት ብዛት ሳይሆን በየቀኑ እጅ ውስጥ ባለው ጥንቃቄ ነው።

ታዲያ የሲልክሶንግ የመጀመሪያ ሳምንታት ምን አሳዩ? አንደኛው ነገር ከጌሙ በፊት የታየው የአሻሻጡ ሥርዓት ነው። ቡድኑ ጌሙ ከመድረሱ በፊት በየመደብሩ ክፍያ አልሰበሰበም። ለተቺዎችም አስቀድሞ ቅጂ አልላከም፤ ምክንያቱም ገንዘብ ካዋጡትና ለዓመታት ከጠበቁት ሰዎች በፊት ሌላ ሰው መጫወቱ ፍትሐዊ ሆኖ አልታየውም። ዋጋውንም ከ20 ዶላር በታች አደረገው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ገንዘብ ሲመነዘር ወደ 75 የሳዑዲ ሪያል ወይም 73 የኤምሬትስ ድርሃም መሆኑ ነው። የታላላቅ ኩባንያዎች ጌሞች ዛሬ እስከ 70 ዶላር፣ አልፎም 80 ዶላር በሚጠየቅባቸው ጊዜ፣ ዓመታት የፈጀ ሥራ በዚህ ዋጋ መቅረቡ ራሱ አስተያየት ነው። በመጀመሪያው ቀን በስቲም ላይ ብቻ በአንድ ጊዜ ከ500,000 በላይ ሰዎች ሲጫወቱት ታይቷል። ከእርሱ ጋር በአንድ ሰሞን ለመውጣት ያቀዱ እንደ «ዴሞንስኩል» እና «ክሎቨርፒት» ያሉ ጌሞች ቀናቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ነበር።

ሁለተኛው ጌሙ ራሱ ነው። በፊተኛው ሥራ ተጫዋቹ ወደ ታች እየወረደ ያስሳል፤ በዚህኛው ሆርኔት ተማርካ ፋርሉም ወደተባለ እንግዳ ምድር ትወሰድና ወደ ላይ፣ በአናቱ ወዳለው ታላቅ ከተማ መውጣት ይጠበቅባታል። እንቅስቃሴዋ ፈጣንና ቀልጣፋ ነው። በመርፌዋ ስትወጋ የምታጠራቅመውን ሐር መልሳ ቁስሏን ትጠግንበታለች። ከቦታ ቦታ የሚለዋወጠው ሥዕልና የክሪስቶፈር ላርኪን ሙዚቃ ከየአቅጣጫው ተወድሷል። በአንድ ጥግ የተቀመጠች፣ ለጌሙ ፍጻሜ ምንም የማትጠቅም ትንሽ ነፍሳት እንኳ የራሷ ንግግርና የራሷ አካሄድ አላት። የዓመታቱ መድረሻ ወዴት እንደሆነ የሚታየው በእነዚህ ትንንሽ ቦታዎች ነው።

ሦስተኛው ቅሬታ ነው፤ ቅሬታውም ቀላል አልነበረም። ብዙ ተጫዋቾች ጌሙ ገና ከጅምሩ ከልክ በላይ ይከብዳል አሉ። የጀግናዋ ጤና የሚለካው በጭምብሎች ቁጥር ሲሆን ብዙዎቹ ጠላቶች በአንድ ምት ሁለት ጭምብል ይነጥቃሉ። «ቦስ» በሚባለው ኃያል ባላጋራ የተሸነፈ ሰው እንደገና ለመግጠም አንዳንዴ ረጅምና አደገኛ መንገድ ተመልሶ መጓዝ አለበት። ማረፊያ የሆኑት አግዳሚ ወንበሮች ሳይቀሩ በአንዳንድ ቦታ በጌሙ ገንዘብ ካልተከፈለባቸው አያገለግሉም። ከሥራ መልስ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ያን ሰዓት አንድን መንገድ ሲመላለስበት ቢያልፍ ማጉረምረሙ አያስወቅሰውም።

በዚህ ክርክር ሁለቱም ወገኖች ግማሽ እውነት ይዘዋል። ከባድነትን የሚወድዱት «ድሉ የሚጣፍጠው ስለተለፋበት ነው» ሲሉ ትክክል ናቸው። ቅሬታ አቅራቢዎቹም «ልፋትና ማንገላታት አንድ አይደሉም» ሲሉ አልተሳሳቱም። ሆኖም አንድ ነገር በሁለቱም ዘንድ ተዘንግቷል፤ እርሱም የጥበቃው ራሱ ተጽዕኖ ነው። ስድስት ዓመት የጠበቀ ሰው በስድስት ቀን መጨረስ ይፈልጋል። በአሥር ሰዓታት ጉዞ የማያልቅን ሥራ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ይፈርድበታል። ረጅም ጉጉት ትዕግሥትን ያስተምራል ይባላል፤ እዚህ የታየው ግን አንዳንድ ጊዜ ትዕግሥትን በልቶ የሚጨርስ መሆኑ ነው። ጌሙን በዝግታ፣ መንገዱ ሲዘጋ ወደ ሌላ አቅጣጫ እየዞሩ የተጫወቱት ሰዎች ከቸኮሉት ይልቅ ቅሬታቸው ረገብ ያለ ነበር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአበው ቃል ለሠሪው ብቻ ሳይሆን ለተጫዋቹም የተነገረ ይመስላል።

የሠሪዎቹ ምላሽ ደግሞ የሚያስደንቅ ነበር። ለዓመታት ድምፃቸው ያልተሰማው ሰዎች ጌሙ በወጣ በቀናት ውስጥ ማሻሻያ እንደሚመጣ አሳወቁ። ሙርዊንግና ሲስተር ስፕሊንተር የተባሉትን ሁለት የመጀመሪያ ምዕራፍ ባላጋራዎች በጥቂቱ አቀለሉ፤ በመካከለኛው የጌሙ ክፍል የአንዳንድ ወንበሮችንና የመጓጓዣ ጣቢያዎችን ዋጋ ቀነሱ፤ የሚገኘውንም ገንዘብ ከፍ አደረጉ። የጌሙን መንፈስ አልለወጡም፤ ያለ አግባብ የሚጎረብጠውን ግን አለዘቡ። ቅሬታን ሰምቶ መልስ መስጠት እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ከሆነ፣ በጥበቃው ዓመታት የነበረው ዝምታ ይበልጥ አላስፈላጊ እንደነበር ይህ ራሱ ይመሰክራል።

አራተኛው ነጥብ በሌላ ቋንቋ ለሚኖር አንባቢ ልዩ ትርጉም አለው። በቻይና ያሉ ተጫዋቾች ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጌሙ የቻይንኛ ትርጉም ላይ ከባድ ትችት ሰነዘሩ። ትርጉሙ ሆን ብሎ የጥንታዊ ሥነ ጽሑፍን ቃና በመያዙ፣ ግልጽና ቆጠብ ያለው የእንግሊዝኛው ንግግር በቻይንኛ የተወሳሰበና የተጋነነ ሆነባቸው። በዚህ ምክንያት የተሰጡት ዝቅተኛ ደረጃዎች በስቲም ላይ በቻይንኛ የተጻፈውን አስተያየት አጠቃላይ ገጽታ አጨለሙት። ቲም ቼሪ ችግሩን አምኖ ትርጉሙን እንደሚያሻሽል አስታወቀ።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ቅሬታ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከባዕድ ቋንቋ የተመለሰ ጽሑፍ ክቡር ለመምሰል ሲል የአንባቢውን ጆሮ ሲረሳ በየጊዜው ያየዋል። ሲልክሶንግ በአሥር ቋንቋዎች ሲወጣ አረብኛም አማርኛም ከመካከላቸው አልነበሩም። ስለዚህ በሪያድ፣ በዱባይ ወይም በጅዳ ቤት ውስጥ ጌሙን የከፈተ የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ታሪኩን የሚከታተለው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከአጠገቡ የተቀመጡት ወላጆቹ የሚያዩት ሥዕሉን ብቻ ነው። የቻይናውያኑ ቅሬታ «ተተርጉሞልን ተበላሸ» የሚል ነው፤ ሌሎች ሕዝቦች ገና እዚያ ቅሬታ ላይ እንኳ አልደረሱም። ቀጣዩን ሥራ በራሳቸው ቋንቋ ለመሥራት የሚያስቡ ወጣቶች ካሉ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ቋንቋ በመጨረሻው ሳምንት የሚለጠፍ ልባስ ሳይሆን እንደ ሥዕሉና እንደ ሙዚቃው ጊዜ የሚሰጠው የሥራው አካል ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ትዕግሥት የባለጠጋ ነው የሚል ነው። ቲም ቼሪ መቆየት የቻለው የመጀመሪያው ጌሙ በሚሊዮኖች ስለተሸጠለት ነው፤ አበዳሪ የለበትም፣ ባለአክሲዮን አይጨቀጭቀውም፣ የሚከፍለው የብዙ ሺህ ሠራተኛ ደመወዝ የለም። ሌላው ኩባንያ በየሩብ ዓመቱ ሒሳብ ማቅረብ አለበት። እንዲህ ያለውን ኩባንያ «ሰባት ዓመት ቆይ» ማለት ዝጋ ከማለት አይለይም።

ተቃውሞው እውነትነት አለው፤ ምክሩ ግን «ሁሉም ሰባት ዓመት ይቆይ» የሚል አይደለም። ሰባት ዓመት የቲም ቼሪ ልክ ነው። ለሁሉም የሚሠራው ልክ ሌላ ነው፤ ቀን የሚቆረጠው ሥራው ሲደርስ ይሁን፣ ገንዘብ የሚሰበሰበው የሚሸጠው ነገር ሲኖር ይሁን፣ የሚዘገይም ከሆነ አስቀድሞ በግልጽ ይነገር፤ የዘገየውን ለማካካስም የሠራተኛው እንቅልፍ አይነጠቅ። እነዚህን ለመፈጸም 15 ሚሊዮን ቅጂ መሸጥ አያስፈልግም። ድሃው ኩባንያም ሀብታሙም እኩል ሊፈጽሟቸው ይችላሉ።

የዚህ ሚዛን ጥቅም ወደፊት ይበልጥ ይታያል። በጉጉት ብዛት ተወዳዳሪ የሌለው ተከታይ ጌም፣ የሮክስታር ኩባንያ «ግራንድ ቴፍት አውቶ 6»፣ በዲሴምበር 2023 ለ2025 ተቀጥሮ ነበር። በሜይ 2025 ወደ ሜይ 26 ቀን 2026 ተገፋ፤ በኖቬምበር 2025 ደግሞ እንደገና ወደ ኖቬምበር 19 ቀን 2026 ተላለፈ። በዜናው የተበሳጩ ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን ከመጣደፍና ከመዘግየት መምረጥ ግድ ከሆነ፣ የሳይበርፐንክ ገዢዎች መልሱን ያውቁታል። የሚጠየቀው «ለምን ዘገየ» ብቻ ሳይሆን «በዘገየበት ጊዜ ከማን ምን ተወሰደ» የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ በመጨረሻ ወደ ቤት ይገባል። ገንዘቡን የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ ወላጅ ነው፤ በስደት አገር ከሚገኝ ደመወዝ ላይ ለቤት ኪራይ፣ ለትምህርት ቤትና አገር ቤት ለሚላክ ገንዘብ ከተመደበው ተርፎ የሚወጣ ነው። ልጁ «ገና ሳይወጣ ካልገዛህልኝ» ብሎ ሲያስቸግር ወላጁ የሚመልሰው አጥቶ ይከፍላል፤ ወይም ተቆጥቶ ይከለክላል። ሦስተኛ መንገድ አለ። ይውጣ፣ ሰው ይየው፣ የመጀመሪያው ግርግር ይብረድ፣ ከዚያ አብረን አይተን እንወስናለን ማለት ነው። ይህን የተባለ ልጅ ጌሙ አይቀርበትም፤ መጠበቅንና ቃልን መመዘንን ግን ያተርፋል።

በአደሌድ ያሉት ጥቂት ሰዎች ዓለምን ስድስት ዓመት ተኩል አስጠበቁ። ሊናገሩ ሲገባቸው ዝም ያሉበት ጊዜ አለ፤ በሌላ መድረክ ላይ የተሰጠ አንድ ቀጠሮም ፈርሶባቸዋል። ቀኑን ራሳቸው በቆረጡ ጊዜ ግን አሥራ አራት ቀን ብለው በአሥራ አራተኛው ቀን አደረሱ። የሸጡት በእጃቸው የነበረውን ነው፤ የሸጡትም ያሉትን ነው። ከመቅረት መዘግየት ይሻላል ይባላል፤ ከመዋሸትም እንዲሁ።